ልጅ የሌላቸው ጥንዶች የትኛውን መርከብ ይምረጡ? የቤተሰብ መርከብና ለአዋቂ ብቻ የሆነው ሲነጻጸሩ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወዳጅነት ፓርክ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውኃው በሙዚቃ ታጅቦ ሲነሣ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ እናቶች ሹራብ በእጃቸው ይዘው ይከተሏቸዋል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ልጅ ያልያዙ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እጮኛሞች፣ ጡረተኞች፣ እንደ እኔና እንደ ባለቤቴ ያሉ ጥንዶች። እዚያ «ልጅ ሳትይዙ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» የሚል ሰው ገጥሞን አያውቅም።

ጥያቄው የመጣው በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ስናስብ ነው። አክስቴ አራት ኪሎ ቤታችን ቡና እየጠጣች የመርከቡን ፎቶ ከስልኬ ላይ አየች። የውኃ መንሸራተቻውን፣ ፊኛውን፣ በካርቱን ልብስ የሚዞሩትን ሠራተኞች ተመለከተችና ስኒዋን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ይኼ እኮ የልጆች ነው፤ ሆድ ሊያስብሳችሁ ነው» አለችኝ። ከክፋት አልነበረም፤ አዝናልን ነው። በትዳር አሥራ ሦስት ዓመት ቆይተን ልጅ አልወለድንም፤ በዚህ ከተማ ይህ ስንት ጥያቄ እንደሚያስከትል የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ዓይነት ሞክረናል። መጀመሪያ የአክስቴን ምክር ሰምተን ለአዋቂ ብቻ በተሠራው ተጓዝን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በቤተሰብ መርከብ ሄድን። ልጅ የሌላቸው ወዳጆቻችን ደጋግመው ስለሚጠይቁን የማውቀውን እዚህ አስፍሬዋለሁ። ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ወሩንና ክፍሉን አጥንቶ ለሚመርጥ ሰው የቤተሰቡ መርከብ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። የማይሻላቸው ሰዎችም አሉ፤ ወደ እነርሱ እመጣለሁ።

ልጆቹ የት ይውላሉ?

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ መርከብ የሚሠራው ልጆች እንዲጫወቱ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቻቸውም እንዲያርፉ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በየዕድሜያቸው የተከፋፈሉ፣ የራሳቸው ሠራተኞች ያሏቸው ክበቦች አሏቸው፤ ቀን እዚያ ይውላሉ፣ ብዙዎቹም ማታ እዚያ ያመሻሉ። እራት ካለቀ በኋላ ቲያትር ቤቱና ሙዚቃ ያለባቸው አዳራሾች በአዋቂ የተሞሉ ናቸው። ከመሳፈሬ በፊት ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለምሳሌ የሮያል ካሪቢያንን «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» እንውሰድ። ይህ መርከብ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ ጀመረ። ሃያ ፎቅ አለው፤ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ ሲቆጠር 5,610 መንገደኛ ይይዛል። ቁጥሩን የሰማ የአዲስ አበባ ሰው መርካቶን በበዓል ዋዜማ ቢያስብ አይፈረድበትም። መርከቡ ግን በስምንት ሰፈሮች የተከፋፈለ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች «ሰርፍሳይድ» በሚባለው ሰፈር ይሰበሰባሉ፤ መዋኛቸውም ምግባቸውም መጫወቻቸውም እዚያው ነው። ከመርከቡ በስተኋላ ደግሞ «ዘ ሃይድአዌይ» የሚባል፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ገንዳ ያለው፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ የማይገባበት ሰፈር አለ። በዚሁ ድርጅት ብዙ ሌሎች መርከቦች ላይ «ሶላሪየም» የሚባለው ክፍል 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ የተከለለ ነው። ካርኒቫል የተባለው ሌላ የመርከብ ድርጅት «ሴሬኒቲ» የሚለው መቀመጫ ይበልጥ ጠበቅ ያለ ነው፤ ከ21 ዓመት በታች አይገባም፣ ክፍያውም ምንም።

የመጀመሪያ መርከቡን «ዲዝኒ ማጂክ»ን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሕር ላይ ያዋለው ዲዝኒ፣ ስሙ ከልጆች ጋር የተጣበቀ ቢሆንም ለአዋቂዎች «ኳየት ኮቭ» የሚባል የተለየ ገንዳ አለው፤ ተጨማሪ የሚያስከፍል፣ ልጅ የማይገባበት «ፓሎ» የሚባል ምግብ ቤትም አለው። በመርከቦቹ ላይ ካሲኖ የለም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሎቹ ላይ ከአንድ አዳራሽ ወደ ሌላው ለመሄድ በቁማር ማሽኖቹ ጩኸት መካከል ማለፍ የተለመደ ነው። ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላው በየማታው ስትዛወሩ አስተናጋጆቻችሁ አብረዋችሁ መዞራቸውም ደስ የሚል ሥርዓት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ስማችሁን ያውቁታል። የዲዝኒ ዋጋ ግን ከአቻዎቹ ከፍ ይላል። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሚኪ ማውስን የምትወዱ ካልሆናችሁ ትርፉን ገንዘብ የምታወጡት ለማትፈልጉት ነገር ነው፤ እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ወደ ሌሎቹ አያለሁ።

ለአዋቂ ብቻ ማለት ጸጥታ ማለት አይደለም

የመጀመሪያ ጉዟችን ያስተማረኝ ይህንን ነው። ልጅ የማይሳፈርበት መርከብ እንደ ገዳም ጸጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። የደረሰን ክፍል ግን ከጭፈራ ቤቱ በታች ነበር፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ የከበሮው ምት በትራሳችን ውስጥ ሲመታ አመሸ። ስሙን የማልጠቅሰው በድርጅቱ ላይ ቂም ይዤ ላለመጻፍ ነው፤ ጥፋቱም ግማሹ የመርከቡን ካርታ ያላየነው የእኛ ነው።

ለአዋቂ ብቻ የሆኑት መርከቦች በእርግጥ ሁለት የተራራቁ ዓለሞች ናቸው። በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 በ«ስካርሌት ሌዲ» መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው ቨርጂን ቮዬጅስ አለ። ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም፤ ቡፌ የለውም፣ በምትኩ ብዙ ምግብ ቤቶች አሉት፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ መርከቡ ላይ ንቅሳት የሚነቀስበት ክፍል እንኳን አለ። ለመጨፈር ለሚሄድ ሰው የሚመች፣ መጽሐፍ ይዞ ለሚሄድ ሰው የሚከብድ ነው። በሌላ በኩል ቫይኪንግ አለ። የባሕር መርከቦቹ 930 ገደማ መንገደኛ ብቻ ይይዛሉ፤ ክፍሎቹ ሁሉ በረንዳ አላቸው፤ ካሲኖ የለም፤ በየወደቡ አንድ ጉብኝት በዋጋው ውስጥ ተካቷል። መንገደኛው በአብዛኛው ጡረታ የወጣ ነው፤ ዋጋውም ጡረታውን በደንብ ያጠራቀመ ሰው ዋጋ ነው። ከእንግሊዝ ሳውዛምፕተን የሚነሡት የፒ ኤንድ ኦ «አርኬዲያ» እና «ኦሮራ»ም ልጅ አይቀበሉም። ሳጋ የተባለው ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ መንገደኞች የተዘጋጀ ነው።

ስለዚህ «ልጅ ያለበት ወይስ የሌለበት?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ «ማታ በስንት ሰዓት መተኛት እንፈልጋለን?» ብላችሁ እርስ በርስ ተጠያየቁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለሚተኛ ሰው፣ ጠዋት በገንዳ ውስጥ ከሚጮኽ ልጅ ይልቅ ሌሊት በማይክሮፎን የሚጮኽ አዋቂ ይከፋበታል።

ወሩ ከመርከቡ ይበልጣል

አንድ መርከብ በሐምሌና በመስከረም ሁለት የተለያየ መርከብ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን፣ የቤተሰብ መርከብ በልጅ ይሞላል። ኤም ኤስ ሲን የመሳሰሉ ድርጅቶች በብዙ ጉዞዎቻቸው ከሁለት አዋቂ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድሩ ልጆችን የወደብ ክፍያ ብቻ እያስከፈሉ ስለሚወስዱ በእነዚያ ሳምንታት ለገንዳው ዳር ወንበር ቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል።

እኛ ግን ሌሎች የሌላቸው ዕድል አለን። የእኛ ዓመት የሚታደሰው የእነርሱ ልጆች ወደ ክፍል በገቡበት ወር ነው። እንቁጣጣሽን ቤት ውለን፣ በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ የሚነሣ ሰው የሜዲትራኒያንን ባሕር ገና እንደሞቀ ያገኘዋል፤ መርከቡም ላይ የሚያገኛቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ብቻ ናቸው። የሄድነው መስከረም አጋማሽ ላይ ነበር። በትልቁ የውኃ መንሸራተቻ ላይ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲወርድ ተራ የያዘ አልነበረም፤ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ከታች ሲደርስ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጋችን ዕለት ብቻ ነው ያየሁት።

መስከረምን ለካሪቢያን ግን አልመክርም። እዚያ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ይዘልቃል፤ የሚበረታውም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። መርከቡ አቅጣጫ ቀይሮ ይሸሻል እንጂ አደጋ ውስጥ አይገባም፤ ግን ለማየት የከፈላችሁበትን ደሴት ሳታዩ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ለካሪቢያንም ለባሕረ ሰላጤው አገሮችም የምመርጠው ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለውን ጊዜ ነው። አየሩ ጥሩ ነው፣ ትምህርት ቤት ክፍት ነው፣ ጾሙም ገና ነው።

ረዘም ያለ ጉዞም ልጅ ይቀንሳል። ዐሥር ቀንና ከዚያ በላይ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ወላጅ ጥቂት ነው። መርከቦች በጸደይና በመጸው ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው ሲዛወሩ የሚያደርጓቸው ጉዞዎች ደግሞ ወደብ ባነሰ ቁጥር ዋጋቸውም ያንሳል፤ ባሕር ብቻ እያዩ መዋል ለማይሰለቸው ሰው ትልቅ ሲሳይ ናቸው።

ክፍሉና የእራት ሰዓቱ

ከጎን ካለው ክፍል ጋር የሚያገናኝ በር ያለበትን ክፍል አትውሰዱ። ለቤተሰብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በሩ ቢቆለፍም ድምፅ አያግድም። ከገንዳው ፎቅ በቀጥታ ሥር፣ ከልጆች ክበብ አጠገብ፣ ከቲያትሩ ወይም ከጭፈራ ቤቱ በላይና በታች ያሉትንም እለፏቸው። ከላይም ከታችም ሌሎች የመኝታ ክፍሎች ያሉበት፣ ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለው ይሻላል፤ ማዕበል ሲነሣም የሚናወጠው ትንሽ ነው። የእያንዳንዱ መርከብ የፎቆች ካርታ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ስላለ ከመክፈላችሁ በፊት ተመልከቱት። ቲኬት የሚሸጥላችሁ ወኪል «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት።

ቋሚ የእራት ሰዓት ባለባቸው መርከቦች ላይ ሁለት ዙር አለ። የመጀመሪያው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል፤ ሕፃናት ያሏቸው ሁሉ እዚያ ናቸው። ሁለተኛው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛውን ያዙ፤ የሁለት ሰው ጠረጴዛም ስትመዘገቡ ጠይቁ፤ መርከቡ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ነገር ልጨምር፤ መርከቡ ወደብ ላይ በቆመበት ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ከተማ ይወርዳል። ያን ዕለት መርከቡ ላይ ብትቀሩ ገንዳው የእናንተ ነው።

የጾም ነገር

የሄድንበት ወር ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነበረው፤ ያም ቢሆን አስጨንቆኝ ነበር። ትልልቆቹ የቤተሰብ መርከቦች ለልጆች አለርጂ ሲሉ ስለ ምግብ ቅመማ እጅግ ጠንቃቆች ናቸው፤ ይህ ጥንቃቄ ለጾመኛ ያገለግላል። «ጾም» ብላችሁ ለማስረዳት አትድከሙ፤ «ቪጋን» በሉ፤ ዓሣም ሥጋም ወተትም እንቁላልም ቅቤም የሌለበት ማለት ነው። ቦታ ስትይዙ አስመዝግቡት፣ የመጀመሪያው ማታ ደግሞ ለአስተናጋጁ ድገሙለት። የእኛው አስተናጋጅ ሐሙስ ማታ የዓርቡን የምግብ ዝርዝር አምጥቶ ባለቤቴን አስመረጠው። በማግሥቱ ከሕንዳዊው ምግብ አብሳይ የመጣልን ምስር በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በእርድ የተሠራ ነበር፤ በርበሬው ቢጎድለውም የቤታችን ወጥ ዘመድ ነበር። ሽታው ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ባለቤቴ ምንም ሳይናገር እጁን ሊታጠብ ተነሣ፤ በሹካ ሊበላው አልፈለገም። በዳቦ እየጠቀለልን በላነው። ትናንሽ መርከቦች ላይም ይህን ማዘጋጀት ይቻላል፤ ግን አስቀድሞ ካልተነገራቸው አማራጫቸው ጠባብ ነው።

ቪዛና ገንዘብ

እዚህ ላይ ንጽጽሩ ከልጅ ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ብዙ ጉዞ የሚሰናከለው ግን በዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው መርከቡ የሚቆምበት እያንዳንዱ አገር ጥያቄ ነው። ከሮም ወደብ ከቺቪታቬክያ ተነሥቶ በቱርክ ወይም በቱኒዚያ አልፎ ለሚመለስ ጉዞ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በኢጣሊያ፣ በፈረንሳይና በስፔን ወደቦች ብቻ የሚዞረውን ምረጡ፤ ነገሩ በግማሽ ይቀልላል። ከማያሚ የሚነሡት መርከቦች ደግሞ ወጥተው ተመልሰው ወደ አሜሪካ ይገባሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር እንዲሆን ስላደረገች፣ ቪዛችሁ ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ብዛት ሳታዩ ለእነዚያ መርከቦች አትክፈሉ። ከዱባይ የሚነሣ ጉዞ ለበረራ ቅርብ ነው፤ ግን እንደ ዶሃና ባሕሬን ባሉ ወደቦች ሊቆም ስለሚችል የእያንዳንዱን ቪዛ ለየብቻ አጣሩ።

ዋጋው የሚሰላው በአንድ ክፍል ለሁለት ሰው ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው የሚከፍለው ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ ብቻውን የሚጓዝ ግን ብዙ ጊዜ የሁለቱን ይከፍላል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ኖርዌጂያን የተባለው የመርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በ«ኤፒክ» መርከቡ የጀመራቸውን ለአንድ ሰው የተሠሩ ትንንሽ ክፍሎች ተመልከቱ። ጉርሻ ብዙ ጊዜ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ እንደሚጨመር አስባችሁ ያዙ። መርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይገበያዩም፤ በካርድ ወይም በቅድሚያ በሚያስይዙት ገንዘብ የሚከፈት ሒሳብ አለ፤ ካርዳችሁ ውጭ አገር መሥራቱን ከመነሣታችሁ በፊት በባንካችሁ አረጋግጡ።

ለማን የቤተሰቡ መርከብ አይሆንም?

አክስቴ ያለችውን አልረሳሁም። ልጅ ለማግኘት ሕክምና ላይ ያሉ፣ ወይም በቅርቡ ፅንስ የወረደባቸው ጥንዶች፣ የቤተሰቡን መርከብ ለሌላ ዓመት ያቆዩት። በየደረጃው የሚያልፍ ጋሪ፣ በየጠረጴዛው የሚዘመር የልደት መዝሙር ቁስል ይነካል፤ ማንም አልበደላችሁም፣ ግን ያማል። እንዲህ ላለው ጊዜ የቫይኪንግ ዓይነቱ ትንሽ መርከብ ገንዘቡ ከተገኘ ይሻላል፤ ካልተገኘ መርከቡን ትታችሁ ሐይቅ ዳር ጥቂት ቀን ዕረፉ።

እኛ ያን ዘመን አልፈነው ስለነበር የጠበቅሁት ሌላ ነበር፤ ያገኘሁትም ሌላ። መርከቡ ላይ ስምንት ቀን ስንቆይ «ልጅስ?» ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ገንዳው ዳር ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሦስት ዓመት የማይሞላት ልጅ መጥታ ጉልበቴ ላይ የረጠበ ፎጣዋን አስቀመጠችና ሄደች። ጠብቂልኝ ማለቷ ነበር። ተመልሳ መጥታ ወሰደችው፤ ከዚያ እንደገና አመጣችው። እናቷ ከሩቅ ይቅርታ ስትጠይቀኝ በእጄ «ተዪያት» አልኳት። ፎጣው ቀሚሴን አርሶት ነበር፤ እስኪደርቅ አልተነሣሁም።

ለመጪው መስከረም ቦታ ይዘናል፤ ከቺቪታቬክያ፣ ከመርከቡ መሐል፣ የሚያገናኝ በር የሌለው ክፍል፣ ሁለተኛው የእራት ዙር። አክስቴ ፎቶዎቹን ካየች በኋላ በአንድ ክፍል ሦስት ሰው ማደር ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይቻላል፤ የሦስተኛው ሰው ዋጋ ያንሳል። ፓስፖርቷን ለማሳደስ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።